ወደ ውጫሌ ይዤው የሄድኩት ሳህን

ከወሎ ከተመለስኩ ወር ሊሆነኝ ነው። የማኅበር ጓደኞቼ በየተራ እየመጡ «መንገዱ እንዴት ነበር? ልጁስ?» ሲሉኝ ለአንዷ የነገርኩትን ለሌላዋ እረሳለሁ። ታናሿ ልጄ ሰላም «እማዬ፣ ጻፊውና እነሱ ያንብቡት» ብላ ግማሹ ያልተጻፈበት ደብተሯን ሰጠችኝ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ስሕተት ብታገኙ እለፉልኝ። ልጄን ሀብታሙንም «ስለ አንተ ልጽፍ ነው፤ ስምህን ልደብቀው?» ብዬ በስልክ ጠይቄዋለሁ። «አትደብቂው። ተደብቄ አይቼዋለሁ፤ አይጠቅምም» አለኝ።

ሀብታሙ በርና መስኮት ይበይዳል። ከደብረ ብርሃን ወጥቶ አምባሰል፣ ውጫሌ ከተማ መሥራት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆነው። በጥቅምት መጀመሪያ ደወለና «እማዬ፣ ደም ሰጥቼ ነበር። ከደም ባንክ ጠርተው የጉበት ቫይረስ ደምህ ውስጥ አለ አሉኝ» አለ። «ምን ማለት ነው?» ስለው ስልኩን ዘጋብኝ። ደግሜ ብደውል አያነሳም።

እኔ ቫይረሱን አላውቀውም። የማውቀው የወፍ በሽታን ነው። የሌሊት ወፍ በላዩ ያለፈበት ሰው ዓይኑ ብጫ ይሆናል፣ ሆዱ ይነፋል ሲሉ ሰምቼ ነው ያደግኩት። ጎረቤቴም «አብሮ መብላት ያስይዛል» አለችኝ። ስለዚህ ልጄን ወደ ቤቱ ልመልሰው ቆርጬ ተነሣሁ። የያዝኩት የተቆላ ገብስ፣ ብርድ ልብስ፣ አንድ ባለመድኃኒት የቀመመልኝ አረንጓዴ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ፣ ደግሞም ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ አንድ የብረት ሳህን ነበር። ሳህኑ ለሀብታሙ ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው እንዳይነካበት። ከቦርሳዬ የማትለይ ምላጬም በወረቀት ተጠቅልላ አለች። በእሷ ነው የልጆቼን ጥፍር የምቆርጠው፣ ክር የምበጥሰው፣ እሾህ የማወጣው።

ሰኞ

ከጧቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነሣን። ጣርማ በር ጭጋጉ አስፋልቱን ሸፍኖት ሾፌሩ መብራት አብርቶ እየዳኸ አለፈ። ከዚያ ቁልቁለቱ ነው። ከደብረ ሲና በታች ሹራቤን አወለቅኩ፣ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ነጠላዬም ከበደኝ። እኛ አገር ሰው ፀሐይ ፍለጋ ደጅ ይቀመጣል፤ እዚያ ሰው ጥላ ፍለጋ ይጣላል።

ጠርሙሱን እንዳይሰበር ብዬ ጭኔ ላይ ነበር የያዝኩት። በሙቀቱ ይሁን በመንገዱ እንጃ፣ ክዳኑ ተስፈንጥሮ አረንጓዴው ውሃ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ሱሪ ላይ ተደፋ። ሰውዬው ሠርግ የሚሄድ ነበር፤ ሱሪው ነጭ ነው።

«እናቴ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«መድኃኒት ነው ልጄ፣ ይቅር በለኝ። የወፍ በሽታ መድኃኒት ነው።»

«ሱሪዬ እኮ አልታመመም!»

አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ፤ ሽታውም እስከ ኋላ ወንበር ደረሰና መስኮት ሁሉ ተከፈተ። እኔ ከሀፍረቴ ብዛት ቀና ማለት አቃተኝ። ሰውዬው ግን ከሚሴ ላይ ወርዶ ሙዝ ገዝቶ መጣና ግማሹን ለእኔ ሰጠኝ። «የታመመውን ሰው እግዜር ይማርልሽ» አለኝ። በጠርሙሱ ውስጥ ግማሽ ያህል ቀርቶ ነበር፤ ክዳኑን በፌስታል ጠፍሬ አሰርኩት።

ደሴ የደረስነው በአሥር ሰዓት ነው። ብርዱ የእኛን ብርድ ስለሚመስል ቤቴ የገባሁ መሰለኝ። ያደርኩበት አልጋ ቤት ባለቤት እግሬ ማበጡን አይታ ሳልጠይቃት ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አመጣችልኝ።

ማክሰኞ

ከደሴ ወደ ሐይቅ በሚኒባስ ብዙም አይርቅም። ከተማዋ አጠገብ ውሃው ብቅ አለ። ያን ያህል ውሃ አይቼ አላውቅም፤ እኛ ዘንድ ወንዝ የምንለው ልጅ ዘልሎ የሚሻገረውን ነው። አንዲት ሴት በጣቷ እያመለከተች «ያ የእስጢፋኖስ ገዳም ነው» ስትለኝ ባለሁበት ተሳለምኩ። «ዓይኑ ብጫ እንዳይሆን» አልኩ። ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም።

ሰላም መምጣቴን በመልእክት ነግራው ስለነበር ውጫሌ መናኸሪያ ሀብታሙ ቆሞ ይጠብቀኛል። መጀመሪያ ያየሁት ዓይኑን ነው። ነጭ ነው። ግን ከስቷል፤ እጁን ከኪሱ አላወጣም፣ ልስመው ስጠጋም ፊቱን አዞረ። «ጉንፋን ይዞኛል» አለ። ጉንፋን የያዘው ሰው ግን አይመስልም።

የተከራየው ክፍል እትዬ ዘሃራ የሚባሉ ሴትና ባላቸው አያ ሙሄ ግቢ ውስጥ ነው። እትዬ ዘሃራ በሩ ላይ ጠብቃ አቀፈችኝ። (መጀመሪያ አንቱ ስላት «የምን አንቱ? እህትማማች ነን እኮ» ብላ አስተወችኝ።)

«የሀብታሙ እናት አንቺ ነሽ? ያረቢ! ልጅሽ ለእኔ ምን እንዳደረገልኝ ነግሮሻል? ልጄ ፋጡማ ስትወልድ ደም ፈሰሳት። ደሴ ወሰዷት። ደም አምጡ ሲሉን ሙሄ አርጅቷል፣ እኔ ስኳር አለብኝ። ይሄ ልጅ የብየዳ ልብሱን እንኳ ሳያወልቅ ሄዶ ደሙን ሰጠልኝ። ወላሂ እታለም፣ እንግዲህ ደማችን አንድ ነው!»

ልጄን ዞር ብዬ ሳየው ፊቱ አመድ መስሏል።

ራት ሲቀርብ አያ ሙሄ ትልቁን ትሪ መሐል አደረገና «ኑ እንብላ» አለ። እኔ ሳህኔን አወጣሁ። «ሀብታሙ ሆዱን ስላመመው ለብቻው ይብላ» አልኩ።

«በእኔ ቤት ለብቻው የሚበላ በሬ ብቻ ነው» አለች እትዬ ዘሃራ።

«እሱም ቢሆን ላሟን ይጠራታል» አለ አያ ሙሄ።

ሳቅን። ሀብታሙ ግን ሳህኑን ይዞ ወደ ክፍሉ ገባ። ተከትዬው ገባሁና በሩን ዘጋሁ። «አሁን ንገረኝ» አልኩት።

ያኔ ነገረኝ። ደም ባንክ ጠርተውት ሄዶ፣ ባለሙያዋ «ቫይረሱ በደምህ ተገኝቷል» ስትለው ቀሪውን ሳይሰማ ተነሥቶ ወጥቷል። የፈራው ለራሱ አልነበረም። «እማዬ፣ ያ ደም እኮ ፋጡማ ውስጥ ነው። ሕፃኑም ይጠባታል። እነዚህ ሰዎች በየቀኑ እየመረቁኝ እኔ ልጃቸውን መርዤያለሁ። በየትኛው አፌ ልንገራቸው?»

ወደ ቤታችን እንሂድ ብዬ ነበር የመጣሁት። ያን ሲለኝ ግን እትዬ ዘሃራን ዝም ብሎ ትቶ መሄድ ሌብነት መሰለኝ። መናገሩም አስፈራኝ። «እስኪ እንደር» ብዬ አስተኛሁት።

ረቡዕ

ጧት ሥራ ከመሄዱ በፊት የእጁን ጥፍር አየሁ፤ አድጎ በብየዳ ጥቀርሻ ጠቁሯል። እንደ ልጅነቱ ቁጭ አድርጌ በምላጬ ቆረጥኩለት። አውራ ጣቱን ጫር አደረግኩትና የደም ነጠብጣብ ወጣ። «ጣዪው ምላጩን» አለኝ። እሺ አልኩት፤ ሲወጣ ግን በወረቀት ጠርጌ መልሼ ጠቀለልኩት። ገና ደህና ምላጭ ማን ይጥላል?

ከሰዓት በፊት እትዬ ዘሃራ ለፍየሎቿ ቅጠል ቆርጣ ስትመለስ እያነከሰች ገባች። እሾህ ተረከዟ ውስጥ ተሰብሮባታል። «አብሽሪ፣ በመርፌ አወጣዋለሁ» አለችኝ። እኔ ደግሞ አንድ ደግ ነገር ልሥራላት ብዬ ቋመጥኩ። በልቤ ያን ሁሉ ነገር ተሸክሜ እንጀራዋን እየበላሁ ነዋ። «ነይ፣ በዚህ ይቀላል» አልኩና ምላጬን ፈታሁ። እግሯን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ፣ ቆዳውን ሳብ አደረግኩ።

ሀብታሙ ለምሳ ሲገባ ያንን አየ።

«እማዬ! ተይ! አትንኪያት!»

እጄን መታኝና ምላጩ ቆዳዋን ሳይነካ መሬት ወደቀ። ልጄ እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም። እትዬ ዘሃራ «ምን ሆነህ ነው ልጄ? እናትህን?» አለች። እሱ እዚያው ቆሞ ሁሉንም ነገራት። ስለ ደሙ፣ ስለ ደም ባንኩ፣ ስለ ፋጡማ። ምላጩም በዚያው ጧት የእሱን ጣት እንደነካ ነገራት።

እትዬ ዘሃራ አልጮኸችም። እግሯን ከጭኔ አወረደች፣ እሾሁ እንዳለበት እያነከሰች ቤት ገባች፣ በሩም ተዘጋ።

እኔ ሳህን ይዤ መጥቻለሁ፣ ብርጭቆ ለብቻ ብያለሁ፣ ሳል እንኳ ፈርቻለሁ። ደም የነካውን ምላጭ ግን በገዛ እጄ ወደ ሰው ሥጋ አስጠጋሁ። ያን ቀን ስለራሴ ጥንቃቄ ያለኝ ግምት ሁሉ ወደቀ።

ሲመሽ ማንም «እንብላ» ብሎ አልጠራንም። አያ ሙሄ ምግብ ይዞልን መጣ። ለሀብታሙ የመጣው በእኔ ሳህን፣ ጠርዙ ሰማያዊ በሆነው ነው። የጠየቅሁትን አገኘሁ ማለት ነው። ሳህኑን ሳየው ግን ምነው ባልጠየቅሁ አልኩ። ሽሮው ቅቤ አልነካውም፤ እትዬ ዘሃራ በዚያ ሁሉ ሐሳቧ ውስጥ ሆና ረቡዕ መሆኑን፣ እኔም ጾመኛ መሆኔን አልረሳችም።

አያ ሙሄ በሩ ላይ ቆመና «ጠላችን ብለሽ እንዳታስቢ» አለኝ። «ለልጇ ነው የፈራችው። አንቺስ ለልጅሽ ፈርተሽ አይደል ከደብረ ብርሃን ድረስ የመጣሽው?»

ሐሙስ

ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ዘሃራ ሻሿን አስራ፣ ጫማዋን አጥልቃ ቆማለች። ዓይኗ አብጧል። «ፋጡማ ሐይቅ ነው ያለችው፣ ባሏ ቤት። ተነሡ፣ አብረን እንሄዳለን። ከሰው ከምሰማ ከሐኪም ልስማው» አለች። በሚኒባሱ ውስጥ ሦስታችንም አንድ ወንበር ላይ ተቀመጥን። በግራም በቀኝም ማሽላው ዘለላውን አዘንብሎ ቆሟል። እኛ ዘንድ በዚያ ጊዜ ገብሱ ነው የሚታየው፤ ሌላ ቀን ቢሆን ብዙ እጠይቅ ነበር።

ፋጡማን ሕፃኑን እንዳዘለች ይዘናት ሐይቅ ካለው ጤና ጣቢያ ገባን። አንዲት ጎልማሳ ሲስተር ተቀበለችን። ከሀብታሙ ቀድሜ እኔ ጠየቅኳት።

«ሲስተር፣ የእኔ ልጅ ደም ሰጠ። በኋላ የጉበት ቫይረስ አለበት ተባለ። ደሙ ለዚህች ልጅ ገብቷል ወይ?»

ሲስተሯ የፋጡማን ካርድ አየች፣ ደሴ የታከመችበትን ወረቀት አየች። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ስሙኝ። የሰው ደም ከክንዱ ተቀድቶ በቀጥታ ሰው ውስጥ አይገባም። መጀመሪያ ይመረመራል። ጉበቱም፣ ኤችአይቪውም፣ ሌላውም ይታያል። ፋጡማ ያን ቀን የወሰደችው ቀድሞ ተመርምሮ ተቀምጦ የነበረ ደም ነው። የሀብታሙ ደም የእሱን ቦታ ሊተካ ነበር፤ ምርመራውን ስላላለፈ ተወገደ። ባይመረመርማ ኖሮ እሱን ማን ይጠራው ነበር? የጠሩት እኮ ደሙን መርምረው ስላስቀሩት ነው።»

ሀብታሙ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

እትዬ ዘሃራ ግን አልጨረሰችም። «ታዲያ ልጄን ያዳናት የማን ደም ነው?»

«አናውቀውም። በፈቃዱ የሰጠ ሰው ነው።»

«አላህ ይወቀው» አለችና ወደ ፋጡማ ዞረች። «ቢሆንም መርምሪልኝ። ልቤ ይረፍ።»

ከፋጡማ ጣት ጠብታ ደም ተወሰደ። ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ሕፃኑ ይስቃል፤ ከእኛ ውስጥ የሚስቅ እሱ ብቻ ነበር። ሲስተሯ ስትመለስ ቫይረሱ ፋጡማ ውስጥ እንደሌለ ነገረችን፤ ክትባትም ልትጀምርላት ቀጠረቻት። እትዬ ዘሃራ «አልሃምዱሊላህ» ብላ ግድግዳውን ተደገፈች።

ያኔ እኔም የሆዴን ጠየቅኩ። «አብሮ መብላትስ?»

«አያስይዝም። መጨባበጥም፣ መሳሳምም፣ አንድ ክፍል ማደርም አያስይዝም።»

«ለብቻ ሳህን ይዤለት ነበር።»

«ለምን ደከምሽ?»

«ምላጭስ?»

ሲስተሯ መጻፏን አቆመች። «ምላጭ አዎ። ደም የነካ ስለት ሁሉ አዎ። ጥርስ መፋቂያ ብሩሽም ለየብቻ ነው። በግብረ ሥጋም ይተላለፋል፤ ከእናት ወደ ልጅም፣ በወሊድ ጊዜ።» ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺስ ተመርምረሽ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም ነበር። ጣቴን ሰጠኋት። ደግሞ ሌላ ሩብ ሰዓት።

እኔም አለብኝ።

ከማን ወደ ማን እንደሄደ በእርግጥ መናገር አይቻልም አለችኝ። ብዙ ሰው ሳያውቀው፣ ሳያመው፣ ዓመታት ይኖራል አለችኝ። ሁሉም መድኃኒት አያስፈልገውም፤ ግን ሁለታችንም የጉበት ምርመራ አድርገን በየጊዜው መታየት አለብን፤ መጠጥ አይገባንም፤ አረንጓዴውን ውሃም አሽትታ ብቻ «ይሄንን ጉበታችሁ ላይ እንዳትጨምሩበት» አለች። ይህን ሁሉ ሰምቻለሁ። በልቤ የሚዞረው ግን ሌላ ነበር፤ ሀብታሙን የወለድኩባት ሌሊት፣ የሁለቱን ልጆቼን ጥፍር በአንድ ምላጭ የቆረጥኩባቸው እሑዶች።

«እኔ ነኝ የሰጠሁህ» አልኩት ደጅ ስንወጣ።

ሀብታሙ ቆም አለ። «አላወቅሽም» አለኝ። ከዚያ እንደ ድሮው ጥርሱን አሳየኝ። «ይልቅ ችግሩ ሌላ ነው። ሳህኑ አንድ ነው፣ እኛ ሁለት ሆንን። በየተራ ነው የምንበላበት?»

እያለቀስኩ ሳቅኩ። እትዬ ዘሃራም ሰምታ ከኋላችን ሳቀች፤ ከረቡዕ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር።

ከዚያ ወደ ውሃው ዳር በባጃጅ ወሰደችን። «ሥጋ ቢሆን የእኔና የአንቺ ቢላዋ ይለያየናል» አለችኝ። «ዓሣ ግን በሃይማኖት አያጣላም። ከዚህ ውሃ የወጣ የሁላችንም ነው።» እስኪጠበስ ድረስ ጠርሙሴን አውጥቼ ወደ ዳርቻው ሄድኩ፤ ልደፋው። ዓሣ የምትጠብሰው ሴት ከሩቅ ጮኸችብኝ።

«እማማ! ምንድን ነው የምትደፊው?»

«መድኃኒት።»

«ዓሣው ምን በደለሽ? እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ድፊው!»

ጉድጓድ ውስጥ ደፋሁት።

የተጠበሰው ዓሣ፣ እነሱ ቆሮሶ የሚሉት፣ በአንድ ሰፊ ትሪ መጣ። ሀብታሙ በልማዱ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ። እትዬ ዘሃራ የዓሣውን እሾህ ከሥጋው ለይታ፣ በእንጀራ ጠቅልላ «በሞቴ፣ አፍህን ክፈት» አለችው። ከፈተ። «አንድ ያጣላል» ብላ ሁለተኛውን ደገመችው። ሦስተኛው ወደ እኔ መጣ። እምቢ ልላት ስል ፋጡማ «እትዬ፣ እሷን እምቢ ያላት ሰው ገና አልተወለደም» አለችኝ። በላሁ። ከዚያ በኋላ የማን እጅ የት እንደገባ አላስታውስም፤ ትሪው ባዶ ሆነ።

ዓርብና ቅዳሜ

ሀብታሙ ከእኔ ጋር አልተመለሰም። ይዤው ልመለስ ሄጄ ትቼው መጣሁ። ዓርብ ለምርመራ ደሴ አብረን ሄድን፤ ሀብታሙም ደም ባንክ ያችኑ ሴት አግኝቶ ያን ቀን ትቶት የወጣውን ምክር እስከ መጨረሻው ሰማ፤ ይቅርታም ጠየቃት። «አንተ ብቻ አይደለህም፣ ብዙዎቹ ያንኑ ቃል ሲሰሙ ነው የሚወጡት» አለችው።

ቅዳሜ ከውጫሌ ስነሣ ዕቃዬን ስሰበስብ ሳህኔን አጣሁት። እትዬ ዘሃራ ወደ መደርደሪያዋ ጠቆመችኝ። ጠርዛቸው ሰማያዊ የሆነ አምስት ሳህኖች ታጥበው ተደርድረዋል፤ ለካ የእኔ ሳህን እዚያ አገርም ይሸጣል።

«የቱ ነው የእኔ?»

«እኔ ምን አውቄ? አብሮ ታጥቧል። መለየት ከቻልሽ ውሰጂው።»

አገላብጬ አየኋቸው። መለየት አልቻልኩም፣ ተውኩት።

ቤቴ እንደደረስኩ ሰላምን ወስጄ አስመረመርኳት። እሷ የለባትም፤ የመጀመሪያውን ክትባት ወስዳለች፣ ቀሪውም ተቀጥሮላታል። ምላጭ ከቤቴ ወጥቷል። በግድግዳው ላይ ሁለት ሚስማር መትቼ ሁለት ጥፍር መቁረጫ ሰቅያለሁ፤ የሰላም በቀይ ክር፣ የእኔ በነጭ ክር። እናንተም ቤታችሁ ያለውን ምላጭ እዩት፤ ተመርመሩም። ደም ለመስጠት የሚፈራም ካለ የልጄን ነገር ንገሩት።

ትናንት እኩለ ቀን ላይ ለሀብታሙ ደወልኩ። በመጀመሪያው ጥሪ አነሣ። ስለ ሥራው፣ ስለ ቀጠሮው ጥቂት እንዳወራን ከጀርባው የእትዬ ዘሃራ ድምፅ ተሰማ፤ «ሀብታሙ! እጃችንን ታጥበን አንተን ነው የምንጠብቀው፣ ይቀዘቅዛል!»

«እማዬ፣ ልዝጋው» አለኝ።

«ዝጋው» አልኩት።